የአባታችን ካዲላክና የበርናባስ እርሻ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ስለ አንድ ሰረገላ ተጽፎ እናነባለን። ባለቤቱ የንግሥት ህንደኬ የገንዘብ ሹም የነበረው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ነው። በኢየሩሳሌም ሰግዶ ወደ አገሩ ሲመለስ በሰረገላው ላይ ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። በዚያ ዘመን ሰረገላ ማንም የሚይዘው ነገር አልነበረም፤ የሹመትና የሀብት ምልክት ነበረ። ዳሩ ግን ቅዱስ ፊልጶስ በእግሩ ሮጦ በቀረበ ጊዜ፣ ያ ሹም የማያውቀውን እግረኛ ወጥቶ ከአጠገቡ እንዲቀመጥ ለመነው። በጉዞውም መካከል ወንጌልን ሰማ፤ ውኃ ካለበት ቦታ ሲደርሱም ተጠመቀ። ስለ ሰረገላው ማማር መጽሐፍ አንዳች አልነገረንም፤ ለሌላ ሰው የሚሆን መቀመጫ እንደ ነበረው ግን ነግሮናል።

ይህን ታሪክ ከሕፃንነታችን ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ተምረነዋል። ለእኛም የተጻፈ መሆኑን የተረዳነው ግን እኛው ራሳችን ሰረገላ በወረስን ጊዜ ነው። ይህንን ለመጻፍ የተነሣነው ሥራችንን ለማስመስገን አይደለም፤ ለመሳት ምን ያህል ቀርበን እንደ ነበረ ለመመስከር ነው። የራሳችንንም ሆነ የተቀበለንን ድርጅት ስም ያልጠቀስነው ስለዚህ ነው።

እኛ የአንድ አባት ሦስት ልጆች ነን፤ ያደግነውም በዋሽንግተን አጠገብ በምትገኘው በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አባታችን በሱዳን በኩል በስደት አልፈው ወደ አሜሪካ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1983 ነበር። የአሜሪካ መንግሥት በ1980 ያወጣው የስደተኞች ሕግ ለብዙ ወገኖቻችን በር ከፍቶ ነበርና፣ እሳቸውም በዚያ በር ከገቡት አንዱ ናቸው። መጀመሪያ ያገኙት ሥራ በመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ የሰውን መኪና እየተቀበሉ ማቆም ነበር። ከሚያቆሟቸውም መኪናዎች አንዷ የአንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ ንብረት የሆነች፣ የ1978 ሥሪት ካዲላክ ሴዳን ደ ቪል ነበረች። አባታችን ይህችን መኪና አምስት ዓመት ሙሉ ጧት ከመግቢያው ወደ ላይኛው ፎቅ፣ ማታ ከላይኛው ፎቅ ወደ መግቢያው ሲነዱ ኖሩ፤ ከሕንፃው ውጭ ግን አንድ ቀን እንኳ ነድተዋት አያውቁም። በ1989 ሽማግሌው ዐይናቸው ደክሞ መንዳት ቢያቅታቸው፣ በየወሩ ጥቂት በጥቂት በሚከፈል ገንዘብ ለአባታችን ሸጡላቸው።

ካዲላክ ምን እንደ ሆነች ለማያውቁ ወጣቶች ጥቂት እንናገር። ፋብሪካው የተቋቋመው በ1902፣ በአገራችን ዐፄ ምኒልክ በነገሡበት ዘመን ሲሆን፣ ስሙ የተወሰደው በ1701 የዲትሮይትን ከተማ ከቆረቆረው ፈረንሳዊ ነው። የአባታችን መኪና ርዝመቷ ከ5 ሜትር ተኩል ያልፋል፤ ሞተሯ ባለ 8 ሲሊንደርና ባለ 7 ሊትር ነው፤ ቤንዚንም እንደ ውኃ ትጠጣለች። የፊት መቀመጫዋ እንደ አግዳሚ ወንበር ስለ ሆነ ከፊት ሦስት፣ ከኋላ ሦስት፣ በጠቅላላው ስድስት ሰው ትይዛለች። በዚያን ጊዜ በዚህ አገር ካዲላክ የያዘ ሰው ኑሮ እንደ ተሳካለት ይቆጠር ነበር።

በልጅነታችን አባታችን መኪናይቱን የሚወዷት ለክብሯ ይመስለን ነበር። በ2021 ካረፉ በኋላ፣ በአርባኛው ቀን ተዝካራቸው ላይ ግን ሌላ ነገር ሰማን። አንዲት እናት ተነሥተው፣ እኛ ከመወለዳችን በፊት ሁለት ሕፃናት ይዘው በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ቢወርዱ የሚቀበላቸው ሰው እንዳጡ፣ አባታችንም በዚያች መኪና ወስደው ሦስት ሳምንት በቤታቸው እንዳሳረፏቸው ተናገሩ። አንድ ሰው ደግሞ ለመጀመሪያ ሥራው የተወሰደው በእርሷ እንደ ሆነ ተናገረ። ሌላው፣ በረዶ በጣለበት ሌሊት ሚስቱን ምጥ ይዟት ሆስፒታል የደረሰችው በዚያችው መኪና መሆኑን መሰከረ። አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ሲነሣ መሸ። እኛ የክብር መቀመጫ ነው ያልነው ለካ የእንግዳ መቀመጫ ኖሯል።

ይህን ከሰማን በኋላ ምን አደረግን? እውነቱን እንናገር፤ ሸራ አለበስናት። ሦስት ዓመት በጋራዥ ቆመች። አልፎ አልፎ ጓደኞቻችን ሲመጡ ሸራውን ገልጠን እናሳያቸዋለን፤ ከፊቷም ቆመን ፎቶግራፍ እንነሣለን። አባታችን ሰው ሲጭኑባት የኖሩት መኪና በእኛ እጅ አንድ ሰው ሳትጭን ባትሪዋ ሞተ፣ ቤንዚኗ ተበላሸ፣ ፍሬኗ ዛገ። ከዚህም የባሰው በመካከላችን ጠብ ገባ። ታላቁ «የአባታችን መታሰቢያ ናት፤ ከዚህ ቤት አትወጣም» ሲል፣ እኅታችን «ተሽጣ እንካፈል» ትላለች፤ ታናሹም ከሁለቱ ለየትኛው እንደሚያደላ አያውቅም። በ2024 የፋሲካ ዕለት በአንድ ማዕድ ተቀምጠን ሳንነጋገር በላን። እናታችንም እንዲህ ሆነን እያየችን ዝም አለች።

በዚያው ሰሞን መኪና ለበጎ አድራጎት የሚሰጥበት መንገድ እንዳለ ሰማን። በዚህ አገር ይህ የተለመደ ነገር ነው። ሰው ስልክ ይደውላል፤ ጎታች መኪና በነፃ ይመጣል፤ ደረሰኝ ይሰጠዋል፤ ግብር ከሚከፈልበት ገቢውም ሊቀነስለት ይችላል። ነገሩ ለሁላችንም ደስ አለን። ጠብም ይቀራል፤ ጋራዡም ይለቀቃል፤ ምጽዋትም ሰጡ እንባላለን። ወደ አንድ ድርጅት ደውለን ጠየቅን። ስለ ጎታቹና ስለ ደረሰኙ በሰፊው ነገሩን፤ ከሽያጩ ምን ያህሉ ለድኾች እንደሚደርስ ስንጠይቅ ግን ጥርት ያለ መልስ አላገኘንም።

ከመካከላችንም አንዱ፣ እንደ አዲስ የተያዙ የዚህ ዓይነት ካዲላኮች 20 ሺህ ዶላር ሲጠየቅባቸው አይቶ ነበርና፣ «በግብር ወረቀቱ ላይ 20 ሺህ ብለን እንሙላ፤ ማን መጥቶ ያያል?» አለ። ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ በዚያ ሰዓት ሁላችንም ዝም አልን፤ ያ ዝምታ ስምምነት ነበረ። በማትነሣ መኪና ሁለት ጊዜ ልንጠቀም አሰብን፤ በአንድ በኩል ለጋስ ልንባል፣ በሌላ በኩል ያልሰጠነውን ሰጠን ብለን ልንጽፍ።

ይህ ፈተና በእኛ የተጀመረ አይደለም። በ2003 የአሜሪካ ምክር ቤት የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በስጦታ የተሰጡ 54 መኪናዎችን ተከታትሎ መርምሮ ነበር። ከእነዚህ መካከል በሁለት ሦስተኛው፣ በጎ አድራጎት ድርጅቱ እጅ የገባው ገንዘብ ሰጪው በግብር ወረቀቱ ላይ ካሰፈረው ዋጋ ከመቶ 5 ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ተገኘ። ይኸውም ሰው መቶ ሰጠሁ ብሎ ሲጽፍ ለድኻው አምስት ደረሰ ማለት ነው። የቀረው ለጎታች፣ ለሐራጅ አጫራችና ለአገናኝ ድርጅት የዋለ ነው፤ ከፊሉም ከመጀመሪያው ያልነበረ ዋጋ ነው። ስለዚህም በ2004 በወጣውና ከ2005 መባቻ ጀምሮ በሚሠራበት ሕግ መሠረት፣ ስጦታው ከ500 ዶላር በላይ ሲሆንና ድርጅቱ መኪናውን ሲሸጠው፣ ሰጪው ሊያስቀንስ የሚችለው በአብዛኛው መኪናው በእርግጥ የተሸጠበትን ዋጋ ብቻ ነው። ድርጅቱም ያንን ዋጋ ቅጽ 1098-ሲ በሚባለው ወረቀት ላይ ጽፎ ይሰጠዋል። መኪናውን ለራሱ ሥራ በሚገባ ቢገለገልበት፣ በትልቅ ጥገና ቢያሻሽለው፣ ወይም ለችግረኛ በነፃ ወይም እጅግ በረከሰ ዋጋ ቢሰጠው ግን የገበያውን ዋጋ መጻፍ ይፈቀዳል። ይህን ስናውቅ አፈርን። ምጽዋት ለመስጠት የተነሣ ሰው እንዳይዋሽ የሚጠብቀው የመንግሥት ሕግ ማስፈለጉ በእውነት የሚያሳፍር ነው።

ሐፍረታችንንም ይዘን ወደ ንስሐ አባታችን ሄድን። ነገሩን ሁሉ ከሰሙ በኋላ «ለመሆኑ መኪናይቱ ትሄዳለች?» ሲሉ ጠየቁን።

«አትሄድም፣ አባ» አልናቸው።

«እንግዲያ ልትሰጡ ያሰባችሁት ምንድን ነው፣ ልጆቼ? መኪና ነው ወይስ ቦታ የያዘባችሁን ብረት?» አሉን። ከዚያም የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 4 መጨረሻንና የምዕራፍ 5 መጀመሪያን ሳናቋርጥ በአንድነት አንብበን እንድንመለስ አዘዙን።

እኛ ብዙ ጊዜ የሐናንያንና የሰጲራን ታሪክ ለብቻው እናነበዋለን። በአንድነት ሲነበብ ግን ከእነርሱ በፊት ሌላ ሰው ይቀድማል፤ እርሱም የቆጵሮስ ሰው በርናባስ ነው። በርናባስም እርሻ ነበረው፤ ሐናንያም መሬት ነበረው። ሁለቱም ሸጡ፤ ሁለቱም ገንዘቡን በሐዋርያት እግር አጠገብ አኖሩ። ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ሰው ሁለቱ ስጦታዎች አንድ ናቸው። ልዩነቱ ሐናንያ ከዋጋው ከፊሉን አስቀርቶ ሁሉን እንደ ሰጠ ማስመሰሉ ነው። ቅዱስ ጴጥሮስም መሬቱ ሳይሸጥ የእርሱ እንደ ነበረ፣ ከተሸጠም በኋላ ገንዘቡ በእርሱ ሥልጣን እንደ ነበረ አስታወሰው። ከዚህ የምንማረው ታላቅ ነገር አለ። ሐናንያ መሬቱን ይዞ ቢቀመጥ አይወቀስም ነበር፤ ግማሹን ብቻ ሰጥቼአለሁ ቢልም አይወቀስም ነበር። የሞት ፍርድ ያመጣበት ሐሰቱ ነው። ስለዚህ ታላቅ ወንድማችን መኪናይቱን እንያዝ ማለቱ ኃጢአት አልነበረም፤ እኅታችንም እንሽጥ ማለቷ ኃጢአት አልነበረም። ወደ ኃጢአት የቀረብነው ሦስታችንም በተስማማንበት ሰዓት፣ በዚያች በ20 ሺህዋ ዶላር ላይ ነው።

ሁለተኛም፣ በርናባስ እርሻውን ራሱ ሸጠ። «ኑና ውሰዱልኝ» አላለም፤ የመሸጡን ድካም ራሱ ተሸክሞ ገንዘቡን ይዞ መጣ። ነቢዩ ሚልክያስም በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ዕውርና አንካሳ እንስሳ ለመሥዋዕት የሚያቀርቡትን ሰዎች፣ ይህንኑ ለገዥአቸው ቢወስዱለት ይቀበላቸው እንደ ሆነ ይጠይቃቸዋል። የእኛም መኪና አንካሳ ነበረች። ንጉሡ ዳዊት ደግሞ የኢያቡሳዊውን የኦርናን አውድማ በነፃ ቢሰጡት እንቢ ብሎ፣ ምንም ያላወጣበትን መሥዋዕት ለእግዚአብሔር እንደማያቀርብ ተናግሮ፣ አውድማውንና በሬዎቹን በ50 ሰቅል ብር ገዛ። እኛም ከሁሉ አስቀድመን መኪናይቱን ለማዳን ተስማማን። ከማኅበረ ምእመናኑ አንድ መካኒክ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ አሳዩን፤ የተበላሸውን ቤንዚን ቀዳን፤ ካርቡራቶሩን አጠብን፤ ባትሪ፣ ጎማና ፍሬን ለወጥን። ከኪሳችን 1,400 ዶላር ወጣ። ሦስት ዓመት ያልተነጋገሩ እጆች በአንድ ሞተር ላይ ዘይት ሲነካቸው ጠባችን በረደ፤ ይህንን ግን አስበን አላደረግነውም፤ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው።

ወረቀቱም የራሱ ትምህርት ነበረው። በአገራችን ሊብሬ የምንለው፣ እዚህ ታይትል የሚባለው ወረቀት እስከዚያን ጊዜ በአባታችን ስም ነበረ። የውርሱ ማስረጃ ወጥቶ እናታችንና ሦስታችን ሳንፈርም ለማንም ልንሰጣት አንችልም ነበር። ሰው የራሱ ያልሆነውን መስጠት አይችልምና፣ እኛ «የእኔ ናት» እያልን ስንጣላባት የኖርናት መኪና በሕግ ከሦስታችን የማናችንም አልነበረችም።

የሰጠናት አዲስ የሚመጡ ስደተኞችን ለሚቀበል አንድ ድርጅት ነው። አስቀድመን ሦስት ነገር ጠየቅናቸው፤ ማን እንደሚሸጣት፣ ከሽያጩ ምን ያህሉ እንደሚደርሳቸው፣ ገንዘቡም በምን ላይ እንደሚውል። በአገናኝ ሳይሆን ራሳቸው አሮጌ መኪና ለሚወድ ሰው እንደሚሸጧት ነገሩን። ለድኻ ቤተ ሰብ ይሰጧት ዘንድ አልጠየቅንም፤ ይህን ያህል ቤንዚን የምትጠጣ፣ መለዋወጫዋም የማይገኝ መኪና ለችግረኛ ሸክም እንጂ ርዳታ አይሆንለትምና። እኛም በበኩላችን በበሩ ሥር ያለውን ዝገትና የማይሠራውን ማቀዝቀዣዋን ጽፈን ሰጠን። የተሸጠችው በ6,200 ዶላር ነው። በወረቀታችንም ላይ የተጻፈው ይኸው ነው። ገንዘቡ ለሁለት ቤተ ሰቦች የቤት ኪራይ መያዣ፣ ለፍራሽና ለልጆች የክረምት ልብስ ዋለ።

መኪናይቱ ልትሄድ በነበረችበት ጧት እናታችን ነጠላዋን ለብሳ ወጣችና ከፊት ተቀመጠች። ሞተሩ እየሠራ ጥቂት ቆየች። እያለቀሰች መስሎን ነበር፤ ስትወርድ ግን ፈገግ ብላ «እኔ ሚስታቸው እንኳ በወጉ ተቀምጬባት አላውቅም፤ ሁልጊዜ ሰው ሞልቶባት ነበር። በሉ፣ ትሂድ» አለችን።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ ጽሑፋችን እዚህ ላይ ቢያበቃ ለእኛ ጥሩ ነበር። ነገር ግን እናታችን የተናገረችው ቃል አላስተኛንም። መኪናይቱን ሰጠን፤ ሥራዋንስ ማን ወረሰ? ሦስታችንም መኪና አለን፤ ሁለቱ ቶዮታ፣ አንዱ ሆንዳ ናቸው። በየቀኑ ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት ስንነዳቸው የኋላ መቀመጫቸው ባዶ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያ የማናውቀውን ሰው የተቀበልንበት ቀን ቢጠየቅ አንድ እንኳ አልነበረንም። አባታችን አምስት ዓመት የሰው መኪና አቁመው፣ በወር ክፍያ ገዝተው ያገለገሉበትን ሥራ፣ እኛ ሦስት መኪና ይዘን አንሠራውም ነበር። እንግዲያ እኛ የወረስነው ብረቱን ኖሯል እንጂ አባታችንን አልነበረም። ዕቃውን ለድኻ ሰጥቶ አገልግሎቱን መጣልም አለ፤ ይህም ከሸራው በታች ከማስቀመጥ ብዙ አይለይም።

ስለዚህ ለእናንተ ለእኩዮቻችን የምናሳስበው ይህ ነው። አንደኛ፣ ከወላጆቻችሁ የቀረ ዕቃ ካለ፣ ቤትም ይሁን መኪና፣ ከመካፈላችሁ በፊት በእርሱ ምን ይሠሩበት እንደ ነበረ በሕይወት ያሉትን ጠይቁ። ለተዝካር መጠበቅ የለባችሁም፤ ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬ ራሳቸውን ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ልትይዙት ብትወዱ በእውነት ያዙት፤ ልትሰጡት ብትወዱ በእውነት ስጡት፤ ጉድለቱን ሳትደብቁ፣ ዋጋውንም ሳትጨምሩ። የሚቀበላችሁንም ድርጅት ገንዘቡ የት እንደሚደርስ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የድኻውን ድርሻ መጠበቅ ነውና። ሦስተኛ፣ ዕቃው ሲሄድ ሥራው እንዳይሄድ ተጠንቀቁ።

በዚህም መሠረት ከሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት ጋር ተማክረን፣ አዲስ የሚመጡ ወገኖችን ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበል ተራ አዘጋጅተናል። መዝገቡ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። መኪና ያለው ስሙንና የሚመቸውን ቀን ይጻፍ፤ መኪና የሌለው ደግሞ አብሮ ሄዶ ሻንጣ ይሸከም፣ ቋንቋ ያስተርጉም። እስካሁን የተመዘገብነው ሰባት ነን። ካዲላክ አያስፈልግም፤ አንድ ባዶ መቀመጫ ይበቃል።

የጃንደረባውን ሰረገላ ለወንጌል መቀመጫ ያደረገ አምላክ የእኛንም ለእንግዳ የሚሆን መቀመጫ ያድርግልን። የአባታችንን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።

ከሰንበት ትምህርት ቤቱ አባላት፣ ሁለት ወንድማማቾችና እኅታቸው